ረቡዕ ቀን ወልቂጤ ላይ የራበው ሰው

ይሄን ምፅፈው ጅማ አክስቴ ቤት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ነው፣ ነሐሴ መጨረሻ፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ መብራት የለም፣ ስልኬ ደግሞ ቻርጇ ልታልቅ ነው ስለዚህ እየተቻኮልኩ ነው። ኑሮዬ ሜሪላንድ ነው፣ ያደግኩት ግን እዚሁ ፈረንጅ አራዳ። ከአዲስ አበባ በመኪና ስመጣ መንገድ ላይ የገጠመኝን ሳስብ እዛ በየአመቱ ከምነዳው መንገድ ጋር ማወዳደር ጀመርኩ፣ ሆድ ያወዳድራል እኮ።

እዛ ክረምት ክረምት ዘመድ ጥየቃ አትላንታ እንነዳለን። ከአንድ ሺ ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል፣ ባይዘጋ አስር አስራ አንድ ሰዓት ነው። መንገዱ ለጥ ያለ፣ ሽንት ቤቱ ንፁህ፣ ምኑም አይነገርም። ምግቡ ላይ ግን ቨርጂኒያ የበላኸውና ጆርጂያ የበላኸው አንድ ነው። ለምን ብዬ ሳጣራ ነገሩ ህግም አለበት። ኢንተርስቴቱ (ስቴት ከስቴት የሚያገናኘው አውራ ጎዳና) ላይ ያሉት የመንግስት ማረፊያዎች በፌደራል ህግ አብዛኞቹ ምግብ ቤት መክፈት አይችሉም፣ ቺፕስና ለስላሳ የሚተፋ ማሽን ብቻ ነው ያላቸው። ስለዚህ ምግብ የምትፈልግ ከሆነ ኤግዚት (መውጫ) ይዘህ ትወጣለህ፣ ከኤግዚቱ በፊት ደግሞ ሰማያዊ ቦርድ ተተክሏል፣ የምግብ ቤቶቹ ሎጎ የተደረደረበት። እዛ ቦርድ ላይ ለመውጣት ይከፈላል፣ ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት መሆን ምናምን የሚል መስፈርትም አለው። እንግዲህ ሐሙስና አርብ ብቻ ከፍታ የምትሰራዋ ሴትዮ መቼም እዛ ላይ አትወጣም። ማክዶናልድ ይወጣል፣ ሰብዌይ ይወጣል።

አንዴ ግን አብሮኝ የሚሰራ የሰሜን ካሮላይና ልጅ "ሌክሲንግተን ሳትቆም ብታልፍ አላውቅህም" አለኝ። ከተማዋ አይ 85 የሚባለው ኢንተርስቴት አጠገብ ናት፣ በባርቤኪው ስሟ የታወቀ፣ የሂከሪ እንጨት ፍም ላይ ለሰዓታት የበሰለ ስጋ በኮምጣጤና ትንሽ ካቻፕ ገባ በተደረገበት መረቅ። ከስቴቱ ምስራቅ ያሉት ደግሞ ካቻፕ የሚባል ነገር አይንካን ይላሉ፣ በዚህ ይጣላሉ አሉ። ደስ ብሎን ወጣን፣ መኪና ውስጥ አራት ሀበሾች ነን፣ ሶስት ኦርቶዶክስ አንድ ሙስሊም። ገብተን ሜኑውን ስናይ ስጋው አሳማ ነው! ልጁ ይሄን ሳይነግረኝ የቀረው ተንኮል አስቦ አይመስለኝም፣ እነሱ ሀገር ባርቤኪው ማለት አሳማ ማለት ስለሆነ መናገር አላስፈለገውም። ያን ሁሉ መንገድ አቋርጠን የተቀቀለ ባቄላና ጥቅል ጎመን ሰላጣ በልተን ወጣን፣ የተጠበሰውን ነገር በምን ዘይት እንደጠበሱት ባንጠይቅ ይሻላል ተባብለን። ሳውዝ ካሮላይና ስንገባ መንገድ ዳር ሰውየው በትልቅ ድስት ኦቾሎኒ በጨው ይቀቅላል፣ ከነቅርፊቱ፣ ትኩሱን በላስቲክ ይሰጥሃል። እሱን እየፈለፈልን አትላንታ ገባን። እውነቱን ለመናገር በዛ መንገድ ላይ ሀገሬ ሀገሬ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጅማ መንገድ ልምጣ። 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ሰበታ፣ ቱሉ ቦሎ፣ ወሊሶ፣ ወልቂጤ፣ ከዛ ጊቤ በረሃ ወርደህ ትወጣና ሰኮሩ፣ አሰንዳቦ፣ ሰርቦ፣ ጅማ። መኪና ከነሹፌሩ ተከራየን። ልጁ ሰላሳ ምናምን ቢሆነው ነው፣ መንገዱን ግን እንደ ጓሮው ያውቀዋል። እኔ ወሊሶ አካባቢ ትልልቅ ባሶች የተደረደሩበት ግቢ አየሁና "እዚህ ጥሩ ሳይሆን አይቀርም፣ ሰው ሞልቷል" አልኩት።

"ጋሼ እሱ ለናንተ አይደለም የሚቆመው፣ ለሹፌሩ ነው" አለኝ እየሳቀ።

ነገሩ ገባኝ፣ እኔም ድሮ አውቀው ነበር እኮ፣ ረስቼው ነው። የባስ ሹፌርና ረዳት ተሳፋሪ ያመጡበት ቤት በነፃ ነው የሚበሉት። ስለዚህ ባሱ ሚቆመው ለሹፌሩ ጥሩ ጥብስ ሚወጣበት ቦታ ነው፣ አንተ ግን የቀዘቀዘ ሽሮህን ከፍለህ ትበላለህ፣ ባሱ ክላክስ ያደርጋል፣ ግማሹን ጥለህ ትሮጣለህ። "ታዲያ ምን ልይ?" ስለው "ሲኖትራክና አይሱዙ እይ" አለኝ። የጭነት ሹፌር ከኪሱ ነው የሚከፍለው፣ ማንም አያስቸኩለውም፣ በየሳምንቱ ስለሚመላለስ ደግሞ አንዴ ከተሸወደ ሁለተኛ አይቆምም። እዛ አሜሪካ ይሄ ዘዴ አይሰራም፣ አስራ ስምንት ጎማው ትራክ ሚቆመው ናፍጣና ሻወር ያለበት ነው፣ ትንሿ ምግብ ቤት በር ላይማ መዞሪያም የለው። ጉግል ላይ አራት ኮከብ ምናምን የሚለውንም ሞክሬዋለሁ፣ አራት ኮከብ የሰጠው ሰው እንደኔው አንዴ ያለፈ መንገደኛ ነው፣ ተመልሶ የማይመጣ።

ወልቂጤ ደረስን። ከአሜሪካ ጀምሮ ያሰብኩት ወልቂጤ ላይ ክትፎ ነው፣ ጉራጌ መሬት ላይ፣ በጣባ፣ አይቡ በጎን፣ ቆጮው ተሞቆ። ሹፌሩ አይሱዙዎች ያሉበት ቤት አቆመን፣ እጄን ታጥቤ ቁጭ አልኩ፣ ሴትየዋ መጣችና "ፆመኛ ናችሁ?" አለች። ቀኑ ረቡዕ ነው! ውይ። እዛ የሰው ሀገር ረቡዕና አርብ አንዴ ይያዛል አንዴ ይፈታል፣ ማንም አይጠይቅህም። እዚህ ግን አንዴ በሰው ፊት ከተጠየቅክ በቃ አለቀ። አጠገባችን ያሉት ሙስሊም ሹፌሮች ክትፏቸውን ይጎርሳሉ፣ ቅቤው ኮረሪማው ይሸታል፣ አንዱማ አይቶኝ "ጋሼ አይዞህ፣ ነገ ሐሙስ ነው" አለኝ።

በየአይነቱ ከቆጮ ጋር መጣልን። እና ልንገራችሁ፣ ቆጮ ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው፣ በዚህ እድሜዬ። እዛ ምንበላው ከፍሪዘር ወጥቶ ማይክሮዌቭ የገባ ነው፣ ካርቶን ካርቶን ይላል። ይሄኛው ከጉድጓድ የወጣ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ምጣድ ላይ ጫፉ የተለበለበ፣ ከጎመንና ከአዋዜ ጋር። ክትፎውን ረሳሁት ብል ውሸት ነው፣ ግን ተፅናናሁ።

ሽንት ቤቱን ግን አልፈው ብዬ ነበር፣ አላልፈውም። በሩ አይዘጋም፣ ውሃ የለም፣ ሴቶቹ አንዷ አንዷን እየጠበቀች ነው የገቡት። እንደዛ አይነት እጅ የሚያስቆረጥም ምግብ የሚሰራ ቤት አንድ ባሊ ውሃ ማስቀመጥ እንዴት ያቅተዋል? እዚህ ላይ አሜሪካ በዝረራ አሸነፈች።

ከዛ ጊቤ። ከባህር ጠለል በላይ 1,100 ሜትር አካባቢ ድረስ ቁልቁል ስለምትወርድ ጃኬት ይወልቃል፣ ፓፓያና ሙዝ ይዘው ወደ መስኮት ይሮጣሉ። እኔን የገረመኝ ወንዙን ስትሻገር ገበታው መቀየሩ ነው። ቆጮ እየሳሳ ይሄድና ሰኮሩን አልፈህ አሰንዳቦ ስትደርስ በየመንገዱ ከሰል ላይ የበቆሎ እሸት ነው። ቆመን ሁለት ሁለት በላን፣ ጥርሳችን ጠቁሮ ጅማ ገባን።

ጅማ ስገባ የጅማን ምግብ ልብላ አልኩ። አንዱ ሆቴል ገባሁ፣ ሜኑው ጥብስ፣ ክትፎ፣ ተጋቢኖ፣ ፓስታ በስጎ፣ በርገር። አስተናጋጁን ጠርቼ "የጅማ ምግብ ምን አላችሁ?" አልኩት። ልጁ ቆም ብሎ አሰበ አሰበና "ቡና" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አሳዝኜው መሰለኝ "ጋሼ ፒዛም አለን"።

ሳቄ መጣ፣ ግን ተናደድኩም። እዚህ ከተማ ውስጥ ነው እኮ ያደግኩት። የአክስቴ ጎረቤት እማማ ቤት ስገባ ገንፎው በቅቤ መጣ፣ እነሱ ማርቃ ነው ሚሉት፣ ከጫካ ማር የተበጠበጠ ብርዝ መጣ፣ ጠጅ የማይነካ ቤት ሁሉ ብርዝ አያጣም። ቡና ቀላ ደግሞ አለ፣ ፍሬው ከነገለባው በቅቤ የተቆላ፣ ሚጠጣ ሳይሆን ሚታኘክ ቡና። "ልጄ ይሄን ማን ገንዘብ ከፍሎ ይበላዋል?" አሉኝ እማማ፣ የምራቸውን ነው። እኔ ደግሞ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው ጀምስ ብሩስ ኦሮሞዎች ረጅም መንገድ ሲወጡ የተቆላ ቡና ወቅጠው በቅቤ አድቦልቡለው በቆዳ ከረጢት እንደሚይዙ መፃፉን ነገርኳቸው። "ታዲያ ስንቅ ነዋ፣ ይሄን ለማወቅ ፈረንጅ አስፈለገህ?" ብለው ዝም አሰኙኝ።

አንድ ሰው ግን ሰርቦ አካባቢ ብርዝ፣ ማርቃና ቡና ቀላ ይዞ ቤት ቢከፍት፣ ውሃ ያለው ሽንት ቤት ጨምሮ፣ እኔ በየአመቱ እቆማለሁ።

ምንመለሰው ቅዳሜ ነው። ቀኑን ሁለቴ ሶስቴ ቆጥሬዋለሁ፣ ቅዳሜ ነው፣ ፍልሰታም አልፏል፣ ሹፌሩ ለክትፎዋ ሴትዮ ደውሎ ነግሯታል። አክስቴ ግን ከጠዋት ጀምሮ ጓዳ ናት፣ የድፎው ሽታ በረንዳ ድረስ መጥቷል፣ ዶሮም የታረደ መሰለኝ። "መንገድ ላይ ምን ሊበላ ይችላል፣ ሆድህን ታመህ እንዳትመለስብኝ" ትላለች። ስለ ወልቂጤው ቀጠሮ እስካሁን አልነገርኳትም።