ትምህርት ቤቱማ ስቱዲዮው ነበር

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የማሊ የፎቶግራፍ ባህል የተወለደው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፎቶግራፍ ፌስቲቫሉና ማሠልጠኛው በዋና ከተማዋ ባማኮ ሲጀመሩ ነው ይላል። እዚህ ላይ አልስማማም። ታዲያ ታዋቂውን የማሊ ፎቶ አንሺ ሴይዱ ኬይታን ማን አስተማረው? አጎቱ በ1935 ከሴኔጋል ትንሽ ኮዳክ ካሜራ አመጣለት። ቀሪውን ሙንታጋ ዴምቤሌን ከመሰሉ ቀደምት ፎቶ አንሺዎች ቀሰመ። በ1948 የራሱን ስቱዲዮ ከፈተ። ፊልም ውድ ስለነበር ብዙውን ጊዜ አንዱን ሰው አንዴ ብቻ ነው የሚያነሳው። እኛ በስልክ ሃያ ጊዜ ቀጭ ቀጭ አድርገንም አይሳካልን!

ፎቶዎቹን ጠጋ ብላችሁ እዩ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከጀርባ የተዘረጋው ጥለት የራሱ የአልጋ ልብስ ነው። ደንበኛው ያሰረው ሰዓት፣ ክንዱን ያስደገፈበት ሬዲዮም ብዙ ጊዜ የስቱዲዮው ንብረት ነው።

ሌላው ታዋቂ የማሊ ፎቶ አንሺ ማሊክ ሲዲቤም ያው ነው። ትምህርት ቤት የተማረው ሥዕልና ጌጣጌጥ ሥራ ነው። ፎቶን የለመደው በ1955 አንድ ፈረንሳዊ ፎቶ አንሺ ዘንድ ተቀጥሮ፣ እያየ ነው። በ2007 በቬኒስ ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርኢት ላይ «ወርቃማው አንበሳ» የተባለውን ሽልማት ወሰደ።

ማሠልጠኛ አያስፈልግም አላልኩም። ግን የስቱዲዮዎቹን ታሪክ ዘሎ ከፌስቲቫሉ መጀመር ምን የሚሉት ነው?