ሳህን ላይ ያልበቀለ ባክቴሪያ ስም ይገባዋል?

ክርክሩ ስለ አንድ የዓሣ አንጀት ነዋሪ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1985 ሌቭ ፊሸልሰንና ሁለት ባልደረቦቹ፣ አልጌ እየጋጠ የሚኖር የቀይ ባሕር ዓሣ አንጀት ውስጥ አንድ ግዙፍ ባለ ነጠላ ሕዋስ ፍጡር ማግኘታቸውን ጻፉ። በ1988 ኤፑሎፒሲየም ፊሸልሶኒ የሚል ስም ወጣለት። የመጀመሪያው ቃል በላቲን «የዓሣ ድግስ ታዳሚ» እንደማለት ነው። በ1993 ባክቴሪያ መሆኑ ታወቀ። ላቦራቶሪ ውስጥ ያሳደገው ግን የለም። ታዲያ እንዲህ ያለው ፍጡር የዝርያ ስም ይውጣለት? አንደኛው ተከራካሪ ዕድሜያቸውን ባክቴሪያ በሚበቅልበት በፔትሪ ሳህን ላይ ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ ባለ ሳህን እንበላቸው። ሌላዋ ሲነጋም ሲመሽም ዲኤንኤ የምታነብ ወጣት ናት፤ እሷ ባለ ፊደል ትሁን።

ባለ ሳህን፦ እኔ ነገር አላበዛም። አዲስ ዝርያ አገኘሁ የሚል ሰው ዝርያውን ያምጣው። የባክቴሪያ ስያሜ ደንብ ከ2001 ወዲህ ግልጽ ነው። ሕያው ናሙናውን ሁለት የተለያዩ አገሮች ባሉ ማዕከሎች ታስቀምጫለሽ። የእናቶቻችን እርሾ ማለት ነው፤ ያንቺ ቢበላሽ ከጎረቤት ታመጫለሽ። ጃፓኖች ከአባሎኒ አንጀት ያገኙትን ቪብሪዮ ሃሊዮቲኮሊን ተመልከቺ። አባሎኒ አልጌ የሚበላ የባሕር ቀንድ አውጣ ነው። ባክቴሪያውን ሳህን ላይ አበቀሉት። አልጌው ውስጥ ያለውን አልጂኔት የሚባል ሙጫ መሰል ነገር ሲፈጭ አዩት። ከዚያ በ1998 ስም አወጡለት። የተጠራጠረ ሰው አስመጥቶ ይሞክረዋል። ሳይንስ ማለት ይኸው ነው።

ባለ ፊደል፦ ጋሼ፣ የእርሾው ነገር ደስ ይላል። ግን እርሾ የሚቀመጠው ከሚቦካ ነገር ነው። ኤፑሎፒሲየም እስከ 0.6 ሚሊሜትር ይረዝማል። መጽሐፍ ላይ ካለው አራት ነጥብ አንዷን ነጥብ ይወዳደራል፤ ያለ ማይክሮስኮፕ ይታያል። የእኛ አንጀት ውስጥ ካለው ኢ. ኮላይ ከሚባለው ባክቴሪያ 300 ጊዜ ያህል ይረዝማል። ዓሣው ቀን ሲግጥ፣ ማታ ሲያርፍ፣ የእሱም ኑሮ አብሮ ይዞራል። አወላለዱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ልጆቹ እናታቸው ውስጥ ያድጋሉ፤ ሲደርሱ ቀደዋት ይወጣሉ፤ እሷም በዚያው ታበቃለች። ለዚህ ሳህን አይበቃም። አንጀት መሥራት ሊኖርብዎት ነው።

ባለ ሳህን፦ አሁን ለኔ ተከራከርሽልኝ! በ1988 ስሙን ያወጡት ሰዎች ባክቴሪያ ነው አላሉም እኮ። ትልቅነቱን አይተው ኒውክለስ (የዘረመል ማኅደር) ካላቸው ባለ ነጠላ ሕዋስ ፍጡራን፣ ከፕሮቲስቶች ወገን መደቡት። መልክ አይቶ ስም ማውጣት እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ባለ ፊደል፦ ማን አረመው ታዲያ? ሳህን ነው? በ1991 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ውስጡን ያዩ ሰዎች ኒውክለስ አጡበትና ባክቴሪያ ይሆን ብለው ጠረጠሩ። በ1993 አስቴር አንገርት፣ ኬንዳል ክሌመንትስና ኖርማን ፔስ የሪቦሶሙን (የሕዋሱን ፕሮቲን መሥሪያ) ዘረመል አነበቡ። ፊደሉ ክሎስትሪዲየም ከሚባሉት ባክቴሪያዎች ዘመዶች ጋር ገጠመ። ነገሩ አለቀ።

ባለ ሳህን፦ አላለቀም። የዓሣ አንጀት መርካቶ ነው። የማን ፊደል እንዳነበብሽ በምን አወቅሽ? ዛሬማ ብሷል። ሆዱ ውስጥ ያለውን ሁሉ በአንድ ላይ ይጨምቁና ኮምፒውተር የዲኤንኤውን ቁርጥራጭ ይሰፋዋል። የአንዱ ራስ ከሌላው ጅራት ቢገጥም ማን ያያል?

ባለ ፊደል፦ የእነ አንገርትን ሥራ በዚህ አይክሰሱ። ያነበቡትን ፊደል ብቻ የሚይዝ፣ የሚያበራ ምልክት ሠሩ። ምልክቱን ሕዋሶቹ ላይ ሲያፈሱት ያበራው ማን መሰለዎት? ያው ትልቁ!

ባለ ሳህን፦ እሱን አልክድም፤ ቆንጆ ሥራ ነው። (ወጣት ብሆን እኔም እሠራው ነበር።) ግን ሁሉም እንደዚያ አይደክምም። 16ኤስ የምትሉት ያው የሪቦሶም ዘረመል ከታወቀ ዝርያ ጋር ከ98.7 በመቶ በታች ከተመሳሰለ አዲስ ዝርያ ነው ትላላችሁ። ከዚያ በላይ ተመሳስለው የተለያዩ ዝርያዎች የሆኑ ግን ሞልተዋል። ደግሞ ፊደል የሚነግርሽ ምን ሊበላ እንደሚችል እንጂ ምን እንደበላ አይደለም።

ባለ ፊደል፦ ለዚህ ነው ሙሉ ጂኖም፣ የፍጡሩን ዘረመል በሙሉ፣ የምናነበው። በ2023 የዘመዱ የቪቪፓረስ ጂኖም ወጣ። ኃይል ለማመንጨት ሶዲየም ላይ እንደሚደገፍ ያወቅነው ከዚያ ነው። ይህ ሁሉ ታውቆም ስሙ ፊት አሁንም «እጩ» የሚል ቃል አለ። ሠላሳ ዓመት የተጠና ፍጡር እጩ! በ2022 በጂኖም ብቻ ስም የሚያጸድቅ ሌላ ደንብ የወጣው ሰው ይህን መታገሥ ስላቃተው ነው።

ባለ ሳህን፦ እሱ ነው የሚያናድደኝ። ሁለት ደንብ፣ ሁለት መዝገብ። አንድ ልጅ ሁለት ጊዜ ክርስትና ሊነሳ ነው እንዴ? እሺ፣ ሕያውነቱን ተይው። በድኑን አሳዪኝ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ሄደሽ እንደሆን፣ ወረቀት ላይ የተለጠፈ ደረቅ ተክል አይተሻል። በዕፀዋት ዓለም ስም የሚታሰረው በእንዲህ ያለ ነገር ነው። ሞቷል፣ ግን አለ። አንቺም ያን የዓሣ አንጀት አልኮል ውስጥ ከተሽ መደርደሪያ ላይ አኑሪ፣ ስሙን እፈርማለሁ። ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ላለው ግን እጄን አላነሳም።

ባለ ፊደል፦ አልኮሉን ዛሬ እገዛለሁ። ግን ጋሼ፣ እርስዎ የሚምሉበት ደንብ እኮ በድን አልቀበልም ያለው እሱ ነው።

ባለ ሳህን፦ ...እሱንስ ልክ ነሽ።