ኳሱን ለእሱም ስጡት

በቀኝ መስመር ብቻውን ቆሟል። አጠገቡ ተከላካይ የለም። እጁን ከትከሻው ትንሽ ከፍ አድርጎ ይዟል። አይጮኽም። ኳሱ እኔ እግር ስር ነው። አየሁት። ማየቴንም አይቷል። ከዚያ ኳሱን ወደ ግራ፣ ሁለት ሰው ለተለጠፈበት ጓደኛዬ ላክሁለት። ተቀማን።

ይህ አንድ ቀን፣ አንዴ ብቻ የሆነ ነገር ቢሆን አልጽፈውም ነበር። ግን ለሳምንታት እንዲሁ ነበር። እኔ ብቻ ሳልሆን ሁላችንም። ማንም "ለእሱ አትስጡት" ብሎ አልተናገረም። መናገር አላስፈለገም። ሰውየው ማልያ ለብሶ፣ ጫማውን ጥብቅ አድርጎ አስሮ፣ ከእኛ እኩል አንድ ሰዓት ሙሉ ሮጦ ኳሱን በደንብ የያዘው ከሜዳ ሲወጣ ሄዶ ሲያመጣልን ነው። ያውም በእጁ።

ቆይቶ መቅረት ጀመረ። መጀመሪያ ሥራ በዛብኝ አለ። ቀጥሎ ጉልበቴን አሞኛል አለ። በመጨረሻ ምንም አላለም። እኛም ምን ሆነህ ነው ብለን አልጠየቅነውም።

ያን ጊዜ ብትጠይቁኝ "የእኛ ቡድን ማንንም አያገልም" ብዬ አፌን ሞልቼ እናገር ነበር። ደግሞም የመጣን ሰው ተመለስ ብለን አናውቅም። "ግባ፣ ተጫወት" ነው የምንለው። አሁን ግን በዚህ ቃል ራሴን ስሸነግል እንደነበር ገብቶኛል። ለመዝናናትና ለጤና ተብሎ በሚደረግ የቡድን ጨዋታ ሰው ቡድን ውስጥ ገባ የሚባለው ሜዳውን ሲረግጥ አይደለም። ኳስ ሲሰጠው ነው።

"ስንሰጠው እኮ ያበላሻል" የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እኔም ስለው የኖርኩት ነው። እውነት ነው፣ ያበላሻል። ግን እንዴት እንደሚያበላሽ አንዴ ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ። ሃያ አምስት ደቂቃ ኳስ ያልነካ ሰው ነው። እግሩ ኳስ ረስቷል። ድንገት ለሌላው መስጠት አልቻል ሲል ለእሱ ይሰጠዋል። እንዲህ ሲሆን ደግሞ የሚደርሰው ደህና ኳስ አይደለም። ጠንክሮ የተመታ፣ እየነጠረ የሚመጣ፣ ከኋላው ተከላካይ የሚሮጥበት ኳስ ነው። ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል። ትንፋሹን ይይዛል። ጉልበቱ ይገተራል። በግማሽ ዓይኑ ኳሱን፣ በግማሽ ዓይኑ የእኛን ፊት ያያል። ኳሱ እግሩን ነክቶ ይሾልካል። አንዱ እጁን ያወናጭፋል። ሌላው ጀርባውን ሰጥቶ ይመለሳል። "አላልኳችሁም?" ይባላል። ከዚያ በኋላ ሌላ ሃያ አምስት ደቂቃ ኳስ አያይም።

ይህ በችሎታ ማነስ ብቻ የመጣ ስህተት አይደለም። ግማሹን የሠራነው እኛ ነን። አሪፍ የምትሉትን ተጫዋች ውሰዱ። በአንድ ጨዋታ ሦስት ኳስ ብቻ ስጡት፤ ሦስቱም ከባድ ይሁኑ። በሳተ ቁጥር ሁሉም ይነጫነጭበት። የእሱም እግር ይተሳሰራል።

ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ሁልጊዜ ወደ አእምሮዬ የሚመጣ አንድ የቆየ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ኦቶ ኮለር የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የበርሊን የቀዘፋ ክለብ አባላትን ክብደት አስነሳ። መጀመሪያ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን 41 ኪሎ እያነሱ እስኪዝሉ ድረስ ቆዩ። ቀጥሎ ሁለት ሁለት ሆነው አንድ 82 ኪሎ ብረት አብረው አነሱ። አንዱ ከዛለ ሌላው ብቻውን ሊያነሳው አይችልም። ስለዚህ ሁለቱ የሚቆዩት ደካማው እስከቆየ ድረስ ብቻ ነው። አንድ ሰው ደካማው ቶሎ እጅ ይሰጣል ብሎ ሊገምት ይችላል። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ደካማው ብቻውን ሲሆን ከሚችለው በላይ ቆየ። ጥረቱ ይበልጥ የጨመረው ደግሞ በሁለቱ አቅም መካከል ያለው ልዩነት መካከለኛ ሲሆን ነው። እጅግ ሲራራቁ ውጤቱ ይቀንሳል።

ከኮለር ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1913፣ ማክስ ሪንገልማን የተባለ ፈረንሳዊ የእርሻ መሐንዲስ ሌላውን ገጽታ አሳይቶ ነበር። ገመድ የሚጎትቱ ሰዎች ቁጥራቸው በጨመረ ቁጥር እያንዳንዱ የሚያወጣው ጉልበት ይቀንሳል። ሁለቱን አንድ ላይ ሳነባቸው የእኛ ሜዳ ነው የሚታየኝ። ሰው "ያለ እኔ አይሆንም" ሲል ከአቅሙ በላይ ይሰጣል። "ኖርኩም አልኖርኩም ለውጥ የለውም" ሲል ደግሞ ገመዱን ይዞ ይቆማል እንጂ አይስብም። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ጉልበቱን የሚፈልገው ስለሌለ ነው። በቀኝ መስመር ብቻውን ቆሞ የነበረው ሰው ኋላ ላይ መሮጥ ሲያቆም "ይኸው፣ ሰነፍ ነው" ያልነው እኛው ነን። ይህን ሳስታውስ እስካሁን ይቆጨኛል።

አንዳንድ ስፖርቶች ነገሩን ለተጫዋቹ በጎ ፈቃድ አልተዉትም። መረብ ኳስን እ.ኤ.አ. በ1895 የፈጠረው ዊልያም ሞርጋን በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ በሆልዮክ ከተማ የወወክማ (የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) ስፖርት ኃላፊ ነበር። ያሰበውም ዕድሜያቸው ገፋ ላሉና ቅርጫት ኳስ ለከበዳቸው ሰዎች ነው። ዛሬ በመረብ ኳስ ሕግ ስድስቱ ተጫዋቾች ቦታ እየተቀያየሩ ይዞራሉ። ወዳጆች ሲጫወቱ ደግሞ እንደ ሊቤሮ ያለ፣ ለመከላከል ብቻ የሚገባ ልዩ ተጫዋች ስለማይኖር ጎበዝም ይሁን ጀማሪ ተራው ሲደርስ ኳሱን ይዞ ከኋላ መስመር ይለጋል። ማንም ዘሎት ሊያልፍ አይችልም።

የዊልቸር ቅርጫት ኳስን ደግሞ ተመልከቱ። እያንዳንዱ ተጫዋች የአካሉ እንቅስቃሴ ታይቶ ከ1 እስከ 4.5 ነጥብ ይሰጠዋል። ጉዳቱ የከበደ ተጫዋች ዝቅተኛ ነጥብ ያገኛል። በዓለም አቀፍ ውድድር ሜዳ ላይ ያሉት የአምስቱ ድምር ከ14 ሊበልጥ አይችልም። አሰልጣኙ አምስት ባለ 4.5 ተጫዋቾችን ደርድሮ መግባት አይችልም። ባለ 1 ነጥብ ተጫዋች ችሎታ የለውም ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ፤ ነጥቡ የሚለካው አካሉ የሚፈቅድለትን እንቅስቃሴ ነው እንጂ የጨዋታ ብስለቱን አይደለም። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ሕጉ ያን ተጫዋች "እባካችሁ አስገቡት" አይልም። ያለ እሱ ቡድኑ እንዳይሞላ ያደርጋል።

እግር ኳስ እንዲህ ያለ ሕግ የለውም። አንድን ሰው 90 ደቂቃ ሙሉ ዘሎ መጫወት ይቻላል። ዳኛ ፊሽካ አይነፋበትም። ስለዚህ ኃላፊነቱ ኳሱ እግሩ ስር ባለው ሰው ላይ ይወድቃል።

"እኛም እኮ ለማሸነፍ ነው የመጣነው" የሚሉኝ አሉ። ይህን ክርክር አልንቀውም። ማሸነፍ ይጥማል። ለማሸነፍ የማይጫወት ሰው ጋር መጫወት ያሰለቻል። ዋንጫ ያለው ውድድር ከሆነ፣ ሁሉም አውቆበት ከገባ፣ አሰልጣኙ የተሻለውን ያሰልፍ፤ ቅሬታ የለኝም። እኔ የምናገረው ከሥራ መልስ ስለሚደረገው፣ ነገ ውጤቱን ማንም ስለማያስታውሰው ጨዋታ ነው። ባለፈው ወር ስንት ለስንት እንደተለያያችሁ ታስታውሳላችሁ? እኔ አላስታውስም። ያ ሰው እጁን ከፍ አድርጎ መቆሙን ግን አልረሳሁትም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ከዓለም አዋቂዎች 31 በመቶው፣ ማለትም 1.8 ቢሊዮን ገደማ ሰው፣ በቂ የአካል እንቅስቃሴ እንዳላደረገ ገልጿል። ምክንያቱ ብዙ ነው። ግን ከእነዚህ መካከል አንድ ቀን ጨክነው ሜዳ መጥተው፣ ኳስ ሳይደርሳቸው የተመለሱ ወንዶችና ሴቶች እንዳሉ አምናለሁ። ሰው ባልበረታበት ነገር በሰው ፊት ለመቆም ብዙ ድፍረት ይፈልጋል። ያን ድፍረት አንዴ ከሰበርንበት መልሶ ማግኘቱ ቀላል አይደለም።

ልብ የሚሰበረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጨዋታው ሳይጀመር ነው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው ተራ በተራ ይመርጣሉ። "አንተ ና።" "አንተ ወደዚህ።" ሰልፉ እየሳሳ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ሁለት ሰው ይቀራል። ከዚያ አንድ። እሱን መምረጥ እንኳ አያስፈልግም። "በቃ እሱን ያዘው" ይባላል፣ እየሰማ። ሁላችንም በልጅነታችን ያየነው ነገር ነው። አንዳንዶቻችንም የመጨረሻው ሰው ነበርን። አዋቂ ሆነን ለምን እንደምንደግመው አይገባኝም። የሁሉንም አቅም የሚያውቅ አንድ ሰው ቡድኑን ቀድሞ አመጣጥኖ ይዞ ቢመጣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጨዋታውም ይጥማል፤ ምክንያቱም ይመጣጠናል።

"በረኛ ሁን" ማለትም እንዲሁ ነው። በረኝነት ትልቅ ሙያ ነው። አቅም የለውም ለተባለ ሰው እንደ ግዞት ሲሰጥ ግን በረኝነቱንም ሰውየውንም መናቅ ነው። በየተራ የሚገባበት ከሆነ ጥሩ። ካልሆነ ግን ጀማሪን ሰው በረጋ ተጫዋች አጠገብ አሰልፉት። እየደጋገመ አጭር ኳስ የሚሰጠውና የሚቀበለው ሰው አጠገቡ ይኑር።

የመጀመሪያው ኳስ ደግሞ ወሳኝ ነው። ጨዋታው በተጀመረ በሁለተኛውና በሦስተኛው ደቂቃ፣ ገና ማንም ሳይሟሟቅ፣ ማንም ሳይጫነው፣ ለስላሳ ኳስ እግሩ ላይ ስጡት። ይመልስላችሁ። ድገሙለት። ሌላ ምንም አይጠበቅበትም። ሰውነቱ ይፍታታል፣ ዓይኑም ከእናንተ ፊት ወደ ኳሱ ይመለሳል። ኳሱ ወደ እሱ ሲሄድ ደግሞ የሚጠቅመውን ንገሩት። "ጊዜ አለህ" ወይም "ሰው አለብህ"። እነዚህ ሁለት ቃላት ከ"አንተ ሰውዬ!" ይልቅ ስንት ኳስ እንደሚያድኑ ሞክራችሁ እዩት። ካበላሸ በኋላ የሚባል ነገር ከሌለ ዝም ማለት ይሻላል።

ብዛታችሁ ከፈቀደም አነስ አድርጋችሁ ተጫወቱ። አምስት ለአምስት ሲሆን ኳስ የማይደርሰው ሰው አይኖርም፤ መደበቂያም የለም። ሁዋን ካርሎስ ሴሪያኒ እ.ኤ.አ. በ1930 በሞንቴቪዴዮ የጀመረው ፉትሳል፣ አምስት ለአምስት የሚደረገው የአዳራሽ እግር ኳስ፣ ዛሬ ተጫዋች ያለገደብ ይቀያይራል፤ የወጣም ተመልሶ ይገባል። ይህን ለራሳችን መውሰድ እንችላለን። የሚቀየረው ግን ያው አንድ ሰው ብቻ እንዳይሆን ሰዓት ይዞ ሁሉንም ማዟዟር ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። አታዝኑለት። ተጋጣሚው ሆን ብሎ መንገድ ለቆለት ጎል ሲያስቆጥር፣ ሁሉም ሲያጨበጭብለት አይቻለሁ። ፊቱንም አይቻለሁ። አልተደሰተም። ሰው የተሰጠውን ያውቃል። እንዲቀሙት ፍቀዱ። ሲሮጥ ይሩጡበት፤ በደህናው መንገድ ይግጠሙት። አሸንፎ የያዘው አንድ ኳስ ተለቆለት ካገባው ጎል ይበልጥበታል። የማይሮጥ፣ የማይመለስ፣ ሰው የሚጎዳ ተጫዋች ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ችሎታ ካነሰው ሰው ጋር አንድ ላይ አትፈርጁት። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ይህን የሚያደርገው ከሁሉ የተሻለው ልጅ ነው።

ያን ሰው ከወራት በኋላ ደወልኩለት። ምን እንደምለው አላወቅኩም ነበር። "ኳስ አልሰጠንህም፤ በድለንሃል" አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ "ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው?" አለኝ።

መጣ። በሁለተኛው ደቂቃ አጭር ኳስ ሰጠሁት። አቁሞ መለሰልኝ። እንደገና ሰጠሁት። አንዱን ተቀማ። ተቀምቶ ግን እንደ ድሮው አልቆመም፤ ተመልሶ ተከታተለ። በሦስተኛው ሳምንት በዚያው በቀኝ መስመር ብቻውን ተገኘ። አየሁት፤ ግን አንድ ሰው ላልፍ ብዬ ኳሱን ያዝ አደረግኩት። ስልክለት ተከላካዩ ደርሶበት ነበር። ኳሱ ወጣ።

ዞር ብሎ አየኝ። በሁለት እጁ ሜዳውን እያሳየ፣ እስከ ሌላው ጎል በሚሰማ ድምፅ ጮኸብኝ።

"ቀደም ብለህ ስጠኝ እንጂ!"