ኦሪጅናል ኮፒ ይሻልዎታል?

ከእንግሊዝኛ ተበድረን ያሳደግናቸው ቃላት ብዙ ናቸው። እንደ «ኦሪጅናል» የቀናው ግን የለም። ፈረንጆቹ በዚህ ቅጽል ንፉግ ናቸው። አንድ ዕቃ ወይ ኦሪጅናል ነው ወይ አይደለም፣ አበቃ። እኛ ለጋሶች ነን፤ ለሁሉም አዳርሰነዋል።

መርካቶ ጫማ ተራ ብቅ ይበሉ። ሻጩ ጫማውን ከካርቶኑ አውጥቶ እጥፍ ዘርጋ ያደርገዋል። ሶሉን በጥፍሩ ቆርቆር ያደርጋል። ካመነቱ ላይተር ለኩሶ ቆዳው ላይ ያስጠጋል። ነበልባሉ ግን ቆዳው ጋ ሳይደርስ ይጠፋል፤ ይህም ሙያ ነው። «ኦሪጅናል ነው፣ እኔ ራሴ የማደርገው እኮ ነው!» ከዚህ በላይ ምን ዋስትና ይፈልጋሉ? ጎኑ ላይ መስመሮቹን ቢቆጥሩ አራት ናቸው። አዲዳስ ስንት ዘመን በሦስት መስመር ሲብቃቃ ኖሮ፣ እዚህ አንድ ምርቃት ተጨምሮለታል።

ዋጋው ከበደዎት? ችግር የለም፣ «ኦሪጅናል ኮፒ» አለ። ከሱ ዝቅ ሲሉ «ኖርማል» አለ። ልብ ይበሉ፣ እዚህ ሱቅ ውስጥ ፎርጅድ የሚባል ዕቃ የለም። ፎርጅድ ያለው ጎረቤት ሱቅ ነው። ጎረቤቱን ቢጠይቁትም ያው መልስ ነው።

ወደ ቅቤው እንለፍ። በየሰፈሩ «ኦሪጅናል የሸኖ ለጋ ቅቤ» የሚል ታፔላ አለ። የሸኖ ላሞች ፆም የለ፣ ፍስክ የለ፣ ይህን ሁሉ ሕዝብ ቀጥ አድርገው ይቀልባሉ። እግዜር ጡታቸውን ይባርክ! መሀል ላይ ሙዝ ጣል ቢደረግበትም ለቪታሚኑ ነው። የማሩን ነገር ተዉት፤ ንቦቹ ስኳር ወደዱ እንጂ ሰውስ ምን አጠፋ?

ደግሞ ስለ ስም መብት አናውቅም እንዳይባል። ይህች አገር የሐረርን፣ የሲዳሞንና የይርጋጨፌን ቡና ስም አሜሪካ ውስጥ አስመዘግባለሁ ብላ ከስታርባክስ ጋር ስትነታረክ ቆይታ፣ በ1999 ዓ.ም. ተስማምታለች። ደግ አደረገች። በስማችን ቀልድ የለም። የሰው ስም ላይ ስንደርስ ነው እንግዳ ተቀባይነታችን የሚያይለው፦ አሜሪካ ያለ በርገር ቤት ሁሉ ስሙና አርማው እዚህ ቀድሞት ቢገባ አይገርምም። ባለቤቱ ራሱ ቢመጣ ግን ቦታ የለውም።

መሥሪያ ቤትማ ቃሉን በክብር ይዞታል። «ኦሪጅናሉን ከኮፒው ጋር ይዘህ ና» ይባላል። ባለጉዳይ ዲግሪውን በፕላስቲክ አሽጎ ይሰለፋል። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ኮፒው ይወሰዳል፣ ኦሪጅናሉ በዓይን ጠርዝ ታይቶ ይመለሳል። አንዳንዱ ፎርጅድ ማኅተሙ ከእውነተኛው ይበልጥ ስለሚደምቅ ቶሎ ያልፋል። የደበዘዘ ማኅተም ይዞ የመጣው፣ አራት ዓመት የተማረው ምስኪን፣ «እስቲ ከዩኒቨርሲቲው አጽፈህ ና» ይባላል።

አሁን አሁን ሰውም በደረጃ ሆኗል። ኦሪጅናል አራዳ፣ ኦሪጅናል የሰፈር ልጅ። በተለይ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ብዙው ከፈረሰ ወዲህ «ኦሪጅናል የፒያሳ ልጅ ነኝ» ባዩ በዝቷል። የተወለድክበትን ቤት አሳየኝ ብሎ የሚያፋጥጥ የለማ።