አንዲት ኤም

አንዲት ኤም! ዛሬ ከቢሮው መስኮት የመለሰችኝ እሷ ናት። የአባቴ ስም መሐመድ ነው። ፓስፖርቴ ላይ መሃሉ በሁለት ኤም ተጽፏል፤ ዲግሪዬ ላይ በአንድ። «ይሄ ሌላ ሰው ነው» አለችኝ የመስኮቷ ልጅ፣ ፎቶዬን እያየች። ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት የተማረው ማን ነው? ጎረቤቴ?

ውጭ አገር እንግሊዝኛ ላስተምር ነው ካልኩ ስድስት ወር ሆነኝ። ኦሪጅናል ዲግሪህን ከፈለግክ ኮስት ሼሪንግ፣ የተማርክበትን የወጪ ድርሻ፣ ክፈል ተባልኩ። ከፈልኩ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ በታሸገ ፖስታ መጣ፤ እንዳትከፍተው! ለገዛ ውጤቴ ባዳ ሆንኩ። ከዚያ ደግሞ የውጭ ጉዳይ ማህተም። የት ላኩኝ? አዲስ አበባ። ከድሬ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ሌሊት ተነስቼ፣ ለአንድ ጠብታ ቀለም!

የተመረቅኩት ሐምሌ 2010 ነው። አንዱ ወረቀት 2010 ይላል፣ ሌላው 2018። ቀጣሪዬ «መሃል ላይ ስምንት ዓመት ምን ስትሠራ ነበር?» ብሎ ጻፈልኝ። ምን ልበለው? ካሌንደር ስቆጥር?

እንግሊዝኛ ተመርቄ እንግሊዝኛ እንደምችል ደብዳቤ አምጣ መባሌን ግን እስካሁን ማመን አልቻልኩም። አመጣሁ። ደብዳቤው ራሱ ስንት የስፔሊንግ ስህተት እንዳለው ብታዩ! ቀይ እስኪርቢቶ አውጥቼ ላርመው ምንም አልቀረኝም።

አሁን እዚህ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ስር ቁጭ ብያለሁ። ክላሰሩ በላብ ጭኔ ላይ ተለጥፏል። ነገ ፍርድ ቤት ነኝ። ሁለቱም መሐመዶች አንድ አባቴ ናቸው ብዬ ልምል።