ትናንት ስለ ማሌዥያው አውሮፕላን በጻፍኩት ላይ ማስተካከያ

ወገን ትናንት ማታ ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ዩክሬን ላይ ስለተመታው የማሌዥያ አውሮፕላን የጻፍኩት ላይ ተሳስቻለሁ፣ ጠዋት አንድ ጓደኛዬ ባጃጅ ውስጥ እያለሁ ደውሎ አፋጠጠኝ። 239 ሰው ያልኩት ከሱ አራት ወር ቀድሞ የጠፋው የሌላኛው ነው፣ ሁለቱም የማሌዥያ ሁለቱም ቦይንግ 777 ስለሆኑ ተምታታብኝ። ሐምሌ 10 ቀን 2006 የተመታው ኤም ኤች 17 ላይ 298 ሰው ነበር፣ 196ቱ የሆላንድ ዜጎች፣ አንድም አልተረፈም።

ትልቁ ስህተቴ ግን ተዋጊ ጄት መታው ማለቴ ነው። የሆላንድ መርማሪዎች ያረጋገጡት ከመሬት የተተኮሰ ቡክ የሚባል ሚሳኤል መሆኑን ነው፣ እሱም ገጭቶት ሳይሆን ኮክፒቱ አጠገብ ፈንድቶ ፍንጥርጣሪው ነው የበሳሳው። ፓይለቱንም የተዘጋ ሰማይ ውስጥ ገባ ብዬ ነበር፣ እዚህ ላይ ሰውየውን በድያለሁ፣ ዩክሬን የዘጋችው ከ32,000 ጫማ በታች ያለውን ነው እሱ ደግሞ 33,000 ላይ ነበር የሚበረው።

አራቱም ተከሳሾች ተፈረደባቸው ያልኩትም 3 ተብሎ ይስተካከል፣ ኅዳር 2015 የሆላንድ ፍርድ ቤት በሌሉበት ዕድሜ ልክ ፈረደባቸው፣ አንዱ ነፃ ወጥቷል። የድሮውን ፖስት አጥፍቼዋለሁ፣ ሼር ያደረጋችሁ እናንተም አጥፉልኝ።