ሳማ፣ ፀሐይና የኬሚስትሪ ክፍላችን

የደብረ ብርሃን ጠዋት ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ረፋዱ ላይ ግን ፀሐይዋ ፊት ታቃጥላለች፤ ከ2,700 ሜትር በላይ ነን። በዚህች ፀሐይ እህል እናሰጣለን፣ ልብስ እናደርቃለን። ኬሚስትሪም እናስተምርባት ባይ ነኝ።

ሐሳቡ የኔ አይደለም። ጣሊያናዊው ኬሚስት ጃኮሞ ቻሚቻን በ1912 እ.ኤ.አ. ኢንዱስትሪ ከድንጋይ ከሰል ወጥቶ በፀሐይ ብርሃን እንዲሠራ ጽፎ ነበር። እኔን የሚገርመኝ ግን በጀርመኗ ከተማ በሃይድልበርግ የሆነው ነገር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጉንተር ኦቶ ሼንክ የተባለ ኬሚስት ከሳማ ቅጠል ክሎሮፊል አወጣ። አልፋ-ተርፒኒን ከሚባል ፈሳሽ ጋር አልኮል ውስጥ ቀላቀለው። ከዚያ አየር እየሰጠ ፀሐይ አስመታው። የወጣው አስካሪዶል የሚባል የወስፋት መድኃኒት ነው። ሳማ እኮ ነው! አጥር ሥር እየለበለበ የሚያስለቅሰን ሳማ።

ክሎሮፊሉ እዚያ የሠራው የሽማግሌ ሥራ ነው። ከብርሃን የተቀበለውን ጉልበት ለኦክስጅን ያቀብላል። ሁለቱ ወገኖች ሲጣመሩ እሱ እንደነበረ ወጥቶ ወደ ሌሎች ጥንዶች ይሄዳል። ካታሊስት የሚባለው ይኸው ነው። ጥቂቱ ለብዙ ይበቃል፤ እሳት ማንደድም አያስፈልግም።

"ካታሊስቱ ውድ ነው" የሚሉኝ አሉ። እውነት አላቸው። ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ በብርሃን የሚሠራውን የካታሊስት ዘርፍ ያነቃቁት በአብዛኛው ሩቴኒየምና ኢሪዲየም ናቸው፤ ሁለቱም ብርቅ ብረቶች። ግን ኢዮሲን የሚባለው ቀይ ቀለም በብዙ ሥራ ይተካቸዋል። ይህ ቀለም የሆስፒታል ላቦራቶሪ የሕዋስ ናሙና የሚያቀልምበት ነው። አረንጓዴ ኤልኢዲ አምፖል ይበቃዋል። ክረምት ገብቶ ጉሙ ሲወርድም ሥራው አይቆምም ማለት ነው።

አስካሪዶልን ተማሪዎች ይሥሩ አላልኩም፤ ሲሞቅ ይፈነዳል። ከዚያ በጣም በቀለለ ነገር መጀመር ይቻላል። ሳማውን በጓንት ይልቀሙ፣ በአልኮል ይዘፍዝፉት፣ ያጥልሉት። አረንጓዴውን ፈሳሽ ለሁለት ብልቃጥ ያካፍሉ። አንዱን በፎይል ጠቅልለው፣ ሌላውን እንዲሁ ፀሐይ ላይ ያስቀምጡ።

የተጠቀለለው አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል። ፀሐይ ያየው ይደበዝዛል። ያኔ አንዷ ተማሪ እጇን ታወጣለች፦ "ካታሊስት እንደነበረ ይወጣል ብላችሁን አልነበር?" መምህሩ ብርሃኑ ያነቃው ኦክስጅን ቀለሙን ራሱንም እንደሚበላው ይነግራታል። የማይበላ ቀለም ማግኘት ደግሞ ዛሬም ትልልቅ ላቦራቶሪዎች የሚደክሙበት ጥያቄ ነው።